ስድሳ አንደኛዋ ሰከንድ



ታኅሣሥ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሆን፣ ቀጥሎ ዘጠኝ ሰዓት መሙላት ነበረበት። አልሞላም። «60» የሚል ቁጥር የተሰጣት አንዲት ሰከንድ መሀል ገባች፤ ዘጠኝ ሰዓት የሞላው ከእሷ በኋላ ነው። ያቺ ደቂቃ 61 ሰከንድ ነበራት። በዚያው ቅጽበት ለንደን ላይ እኩለ ሌሊት ስለነበረ የአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት 2017 አንዲት ሰከንድ ዘግይቶ ገባ። አዲስ አበባ ግን ተኝታ ነበር፤ ሰዓቱን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያልነበረ ሰው ልዩነቱን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

እንዲህ ዓይነቷ ሰከንድ ጭማሪ ሰከንድ ትባላለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ 27 ጊዜ ተጨምራለች፤ የዚያ ሌሊቷ የመጨረሻዋ ናት። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዚህ ዲስኩር ጉዳይ ጭማሪ ሰከንድ ለምን እንዳስፈለገች፣ ምን እንዳበላሸችና ዓለም ለምን ሊያሰናብታት እንደ ወሰነ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው ነገር ግን ከአንዲት ሰከንድ በጣም ይበልጣል፤ እሱም የሰው ልጅ በሙሉ የሚስማማበት አንድ የጋራ ሰዓት ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ነው።

ለሺህ ዓመታት ሰዓት የፀሐይ ነበር። ጥላ ይለካል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ቆጠራው ይጀመራል። የኢትዮጵያ ሰዓት እስከ ዛሬ ከንጋት ተነስቶ የሚቆጥር በመሆኑ ይህን ዝምድና አልለቀቀም። ሰከንድም የተገኘችው ከቀን ነው። አንድ ቀን 24 ሰዓት፣ አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ 60 ሰከንድ፤ ሲባዛ 86,400 ይሆናል። እናም አንድ ሰከንድ ማለት ከአማካይ የፀሐይ ቀን 86,400 እጅ አንዱ ነበር። ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ ነው። ችግሩ ያለው ምድር ላይ ነው፤ ምድር በዛቢያዋ ስትዞር ፍጥነቷ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በ1930ዎቹ የተሠሩ ጥሩ የኳርትዝ ሰዓቶች፣ ዙረቷ ከወቅት ወቅት እንኳ ጥቂት እንደሚለዋወጥ አሳዩ። መለኪያው ራሱ የሚለካ ሆኖ ተገኘ።

በ1955 በእንግሊዝ አገር ቴዲንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ሉዊስ ኤሰንና ጃክ ፓሪ ለሥራ የሚበቃውን የመጀመሪያውን የሲዚየም አቶሚክ ሰዓት ሠሩ። ሲዚየም አቶም ከአንዱ የኃይል ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚቀበለው ወይም የሚለቀው የማይክሮዌቭ ሞገድ አለ። የዚህ ሞገድ ምት ቦታ ለውጦ፣ ወቅት ጠብቆ አይለዋወጥም፤ ቴዲንግተን ያለው ሲዚየምና ዋሽንግተን ያለው ሲዚየም እኩል ይመታሉ። ኤሰን ከአሜሪካ የባሕር ኃይል ኦብዘርቫቶሪው ዊልያም ማርኮዊትዝ ጋር ሆኖ የአቶሙን ምት ከሰማይ ምልከታ ጋር ለዓመታት አስተያየ። የተገኘው ቁጥር 9,192,631,770 ነበር። በ1967 የክብደትና የመለኪያ አጠቃላይ ጉባኤ ይህንኑ ቁጥር አጸደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰከንድ ማለት የሲዚየም ሞገድ 9,192,631,770 ጊዜ እስኪመታ ያለው ጊዜ ነው። ሰከንድ ከምድር እጅ ወጥታ አቶም እጅ ገባች።

ዝውውሩ ግን አንድ ነገር ይዞ መጣ። ኤሰንና ማርኮዊትዝ ምቱን ያስተያዩበት የሰማይ ሰከንድ የተወሰደው አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሳይመን ኒውኮም በ1895 ካወጣው የፀሐይ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ የተሠራው ደግሞ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሰበሰቡ ምልከታዎች ላይ ነበር። ስለዚህ በ1967 የጸደቀችው ሰከንድ በልኳ በ1820 አካባቢ የነበረውን ቀን የምትመስል ናት። የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቀን ከዚያ ይረዝም ስለነበረ አዲሱ ሰዓት ገና ሥራ ሲጀምር ከምድር ጋር አልገጠመም።

ቀኑ እንዲረዝም ያደረገችው በዋናነት ጨረቃ ናት። ጨረቃ የባሕርን ውሃ ስትስብ የሚፈጠረው ሙላትና ጉድለት ከምድር ዙረት ጋር ይፋተጋል፤ ፍትጊያው ዙረቱን ያዘገያል። ምድር ያጣችውን ጨረቃ ታገኘዋለች፤ ለዚህም ነው ጨረቃ በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከምድር የምትርቀው። ርቀቱ የሚለካው የአፖሎ ጠፈርተኞች ከ1969 ጀምሮ ጨረቃ ላይ ትተዋቸው በመጡት መስተዋቶች ላይ የሌዘር ጨረር አንጸባርቆ በመመለስ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ማስረጃ ግን ከሸክላ የተገኘ ነው። በ136 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ኤፕሪል 15 ቀን ባቢሎን ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ጨለመች። የከተማዪቱ ኮከብ ቆጣሪዎች ያዩትን በሸክላ ጽላት ላይ ጻፉት፤ ጽላቱም ተርፎ ዘመናችን ደረሰ። ምድር ያን ጊዜም ዛሬ ባላት ፍጥነት ትዞር ነበር ብሎ ወደ ኋላ ለሚያሰላ ሰው፣ ያ ግርዶሽ መታየት የነበረበት ባቢሎን ላይ አይደለም፤ በምዕራብ ሜዲትራኒያን ማዮርካ ደሴት አካባቢ ነው። በሒሳቡና በሸክላው መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ሪቻርድ ስቲቨንሰንና ሌስሊ ሞሪሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የባቢሎንን፣ የቻይናን፣ የግሪክንና የዐረብን የግርዶሽ መዛግብት ሲመረምሩ ኖረው፣ ቀኑ በመቶ ዓመት በአማካይ 1.8 ሚሊሰከንድ ያህል እንደሚረዝም አረጋገጡ። ሚሊሰከንድ የሰከንድ ሺኛ ክፍል ናት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጭማሪ ሰከንድ ሲባል ምድር በየዓመቱ አንድ ሰከንድ እየዘገየች ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። በ1970ዎቹ አንድ ቀን ከ86,400 አቶሚክ ሰከንድ የሚበልጠው በ3 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ያቺ ትርፍ ግን በየቀኑ ትመዘገባለች፤ ልክ እንደ ሰፈር ሱቅ ዱቤ ነው፣ የአንድ ቀኑ ሳንቲም ሆኖ የዓመቱ ሲደመር ብር ይሆናል። 3 ሚሊሰከንድ በ365 ሲባዛ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ምድር ከዚያ በላይ ባትዘገይ እንኳ፣ በዚያው ልክ እስከዞረች ድረስ፣ ሒሳቡ በየዓመቱ አንዲት ሰከንድ ይጠይቃል።

ዝግመቱ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ከምድር እምብርት ያለው የቀለጠ ብረት ፍሰት ይቀያየራል፤ ነፋስና የአየር ግፊት ዙረቱን ይገፋሉ ይጎትታሉ፤ በዋልታዎች ያለው በረዶ ሲቀልጥ የውሃው ክብደት ወደ ምድር ወገብ ይሄዳል። በ2011 ጃፓንን የመታው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ እንኳ የቀኑን ርዝመት በ1.8 ማይክሮሰከንድ ያህል እንዳሳጠረው የናሳ ሳይንቲስቶች አስልተዋል። ከእነዚህ ሁሉ የተነሳ የዙረቱን መጪ ሁኔታ ለብዙ ዓመት አስቀድሞ በትክክል መናገር የሚችል የለም። እየለኩ መከታተል ብቻ ነው ያለው። የሚለካውም በጣም ሩቅ ወደሆኑ የሰማይ አካላት፣ ወደ ኳሳሮች፣ በተነጣጠሩ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ነው፤ ደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የሃርትቢስትሁክ ኦብዘርቫቶሪ ከእነዚህ አንዱ ነው።

እንግዲህ ሁለት ሰዓት ተፈጠረ፦ አንዱ የአቶም፣ የማይነቃነቅ፤ ሌላው የምድር፣ የሚዋዥቅ። ሕዝብ የቱን ይከተል?

በ1960ዎቹ የተሞከረው መላ አድካሚ ነበር። ሰዓት የሚያሰራጩ የሬዲዮ ጣቢያዎች ሰከንዷ ከምድር ጋር እንድትስማማ ርዝመቷን በየጊዜው ያስተካክሉ፣ በተጨማሪም በሰከንድ ቁራጮች ሰዓቱን ወደፊት ወደኋላ ይሉት ነበር። ይህ ለፊዚክስ ባለሙያው ራስ ምታት ነበር፤ ርዝመቷ የሚለዋወጥ ሰከንድ መለኪያ መሆን አትችልም። ምድርን መተውም አይቻልም ነበር። በዚያ ዘመን የመርከብ ካፒቴን ቦታውን የሚያውቀው ፀሐይንና ከዋክብትን በሴክስታንት አይቶ፣ ከሬዲዮ የሰማውን ሰዓት አገናዝቦ ነው። በምድር ወገብ ላይ ምድር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 460 ሜትር ያህል ትዞራለች፤ ሰዓቱ በአንድ ሰከንድ ከሳተ የመርከቡ ቦታም በዚያው ልክ ይስታል።

ስለዚህ ስምምነት ተደረገ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1972 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ሰከንዷ የአቶም ትሁን፤ ርዝመቷ አይነካ። ዩቲሲ ተብሎ የሚታወቀው ይፋዊው ሰዓት ግን ከምድር ሰዓት ከተወሰነ ልክ፣ ኋላ 0.9 ሰከንድ ከሆነው፣ በላይ አይራቅ። ሊርቅ ሲል አንዲት ሙሉ ሰከንድ ትጨመር። መጨመሪያዋም በጁን ወይም በዲሴምበር መጨረሻ ሌሊት፣ በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ላይ ይሁን። የመጀመሪያዋ ጁን 30 ቀን 1972 ገባች፤ ያው ዓመት ሳያልቅ ሁለተኛዋ ተከተለች። እስከ 1979 ማብቂያ ዘጠኝ ተጨመሩ። ከዚያ እያሰለሰ ሄደ፤ ከ1998 መጨረሻ እስከ 2005 መጨረሻ ለሰባት ዓመት አንድም አልተጨመረችም። ዛሬ ዩቲሲ ከንጹሑ የአቶም ሰዓት በ37 ሰከንድ ወደኋላ ነው። ሃያ ሰባቱ ጭማሪዎች ናቸው፤ አሥሩ ገና በ1972 መነሻው ላይ የነበሩ ናቸው።

የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የዛሬ መቶ ዓመት ፋሲካ መቼ እንደሚውል፣ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት ዓመት የትኛው እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያወጣዋል። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ ደንቡ ይኸው ነው፣ ማንም ሰው አስልቶ ይደርስበታል፣ ማንም ኮምፒዩተር አንዴ ከተነገረው ለዘላለም ይበቃዋል። ጭማሪ ሰከንድ ግን ደንብ የላትም። መምጣት አለመምጣቷን የሚናገረው የምድርን ዙረት የሚከታተለው ዓለም አቀፍ አገልግሎት ነው፤ ፓሪስ ኦብዘርቫቶሪ ካለው ክፍሉ በየስድስት ወሩ አጭር ማስታወቂያ ይወጣል። ትጨመራለች ወይም አትጨመርም ይላል። ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። በዓለም ላይ ያለ እያንዳንዱ ሰዓት ጠባቂ መሣሪያ ይህን ማስታወቂያ በስድስት ወር ውስጥ ሰምቶ መዘጋጀት አለበት። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

በ1972 ማስታወቂያውን የሚጠብቁት ጥቂት ላቦራቶሪዎችና የሬዲዮ ጣቢያዎች ነበሩ። ዛሬ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ናቸው።

አብዛኛው ኮምፒዩተር ጊዜን የሚያውቀው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። የቆጠራው ደንብ እያንዳንዱ ቀን በትክክል 86,400 ሰከንድ ነው ይላል። በዚህ ደንብ «60» ለምትባል ሰከንድ ቦታ የለም። ስለዚህ ጭማሪዋ ስትመጣ ማሽኑ 59ኛዋን ሰከንድ ይደግማታል፤ በሌላ አነጋገር ሰዓቱ በድንገት አንድ ሰከንድ ወደኋላ ይመለሳል። ፕሮግራም የጻፈ ሰው ደግሞ ጊዜ ወደኋላ እንደማይሄድ አምኖ ነው የጻፈው።

ጁን 30 ቀን 2012 ሌሊት ይህ እምነት ዋጋ አስከፈለ። የዓለምን ሰርቨሮች አብዛኛውን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ሰከንዷን ጨመረ፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ሌላ ሰዓት፣ ፕሮግራሞችን «እስክትጠሩ ተኙ» እያለ የሚያስተኛውና የሚቀሰቅሰው፣ መጨመሯን አልሰማም። ሁለቱ በአንድ ሰከንድ ተለያዩ። ለግማሽ ሰከንድ እንዲተኛ የታዘዘ ፕሮግራም ገና ሳይተኛ ጊዜህ አልፏል ተብሎ ይነሳል፤ ተመልሶ ልተኛ ይላል፣ አሁንም ይነሳል። በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ያለ ዕረፍት ይነሱ ይተኙ ጀመር፤ ፕሮሰሰሮቹ በሙሉ አቅማቸው መሥራት ያዙ። ሬዲት፣ ሊንክድኢንና ሞዚላ ተስተጓጎሉ። ሄትዝነር የተባለው የጀርመን የሰርቨር ኪራይ ድርጅት በዚያ ሌሊት የኤሌክትሪክ ፍጆታው በአንድ ሜጋዋት ያህል መጨመሩን ለደንበኞቹ ጽፎ አሳወቀ። አንዲት ሰከንድ በአንድ ድርጅት ግቢ ብቻ ይህን ያህል ኃይል አስበላች ማለት ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ እሁድ ጠዋት ነበር። የኳንታስ አየር መንገድ መንገደኞችን የሚመዘግብበት የአማዲየስ ሲስተም ተቋረጠ፤ ሠራተኞች ተሳፋሪውን በእጅ እየጻፉ ለማሳለፍ ተገደዱ፣ በረራዎች ዘገዩ። መፍትሔው የሚያስደንቅ ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች ማሽናቸውን የፈወሱት አንድ አጭር ትእዛዝ ጽፈው የዕለቱን ቀንና ሰዓት እንደገና በመሙላት ነው። ሰዓቱ እንደገና ሲሞላ ሁለቱ የውስጥ ሰዓቶች ታረቁ። ያን እስኪያገኙ ግን ሌሊቱ አለፈ።

ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በመክፈቻችን ያነሳናት ሰከንድ ስትመጣ፣ የሊኑክስ ስህተት ታርሞ ነበር። ሌላ ቦታ ፈነዳ። የኢንተርኔት አድራሻ የሚያፈላልገው ክላውድፍሌር፣ አንድ ጥያቄ ተልኮ መልስ እስኪመጣ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይለካ ነበር። የመጨረሻውን ሰዓት ይወስዳል፣ የመነሻውን ይቀንሳል። በዚያች ቅጽበት መልሱ ጥያቄው ከመላኩ በፊት የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ ቅናሹ ከዜሮ በታች ወረደ። ውጤቱን የሚቀበለው የፕሮግራሙ ክፍል ኔጌቲቭ ቁጥር ሲሰጠው ሥራውን ያቆማል። ችግሩ በበረታበት ሰዓት ለድርጅቱ ከቀረቡት የአድራሻ ጥያቄዎች 0.2 በመቶ ያህሉ ተነኩ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጎ የተባለው ቋንቋ በዚያው ዓመት ታርሞ፣ የጊዜ ርዝመት የሚለካው ፈጽሞ ወደኋላ በማይሄድ ቆጣሪ እንዲሆን ተደረገ።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን ከዚህ ሁሉ ቀድመው ሌላ ዘዴ ቀይሰው ነበር። ጉግል ከ2008 ጀምሮ ሰከንዷን በአንዴ አይጨምራትም፤ በብዙ ሰዓታት ላይ በትኖ ያዳርሳታል። ዛሬ የሚሠራበት መንገድ ከግሪንዊች እኩለ ቀን እስከ ማግሥቱ እኩለ ቀን፣ ለ24 ሰዓት፣ እያንዳንዷን ሰከንድ በጣም ጥቂት ማስረዘም ነው። ማሽኖቹ ምንም አይሰማቸውም። አማዞንም ይህንኑ ይከተላል። ሜታ ደግሞ በ17 ሰዓት ይበትናታል፣ መነሻውም ሌላ ነው።

ለእያንዳንዱ ኩባንያ ይህ ብልህ መላ ነው። ለዓለም ግን አደጋ ነው። ብተና ላይ ያለ የጉግል ሰርቨር እኩለ ሌሊት ላይ ከይፋዊው ሰዓት በግማሽ ሰከንድ ይለያል፤ የሜታው በሌላ ልክ ይለያል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ1980 ጀምሮ ጭማሪ ሰከንድን አይቆጥሩም፤ ሰዓታቸው ከዩቲሲ በ18 ሰከንድ ይቀድማል፤ ልዩነቱን የሚያቀናንሰው ተቀባዩ መሣሪያ ነው። የሩሲያው ግሎናስ በተቃራኒው ሰከንዷን ይጨምራል። በሌላ ወገን ሕጉ እየጠበበ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ በከፍተኛ ፍጥነት የሚገበያዩ የአክሲዮን ነጋዴዎች ሰዓት ከዩቲሲ ከ100 ማይክሮሰከንድ በላይ እንዳይለይ ያዛል። ግማሽ ሰከንድ ከዚህ ወሰን 5,000 እጥፍ ይበልጣል። አንዱ ገንዘብ ሲልክ ሌላው ሲቀበል፣ የሁለቱ ሰዓት ካልተስማማ ማን ቀደመ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይገኝም። ሰዓት የጋራ ንብረት ነው፤ ሁሉም የራሱን መጠገኛ ሲያበጅ የጋራው ይጠፋል። ጭማሪ ሰከንድን ለማሰናበት ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው።

በዚህ መሀል ምድር ያልተጠበቀ ነገር አደረገች። ከ2020 ወዲህ ፈጠነች። ጁላይ 5 ቀን 2024 ከ86,400 ሰከንድ በ1.66 ሚሊሰከንድ ያጠረ ቀን ተመዘገበ። ዙረቱ በዚህ ከቀጠለ የሚያስፈልገው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ 58ኛዋ ሰከንድ ስታልፍ 59ኛዋ ተዘልላ ቀጥታ ወደ ዜሮ መግባት። ይህ በታሪክ አንድ ጊዜ እንኳ ተደርጎ አያውቅም። መጨመሩን 27 ጊዜ ተለማምዶ እንኳ የወደቀ ሶፍትዌር፣ ያልሞከረውን መቀነስ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። በ2024 ደንካን አግኒው የተባለው የምድር ሳይንስ ተመራማሪ ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳሳየው፣ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ መቅለጥ ዙረቱን በጥቂቱ ስለሚያዘገየው መቀነሻውን ቀን ከ2026 ወደ 2029 ገፍቶታል። የአየር ንብረት ለውጥ የእጅ ሰዓታችን ድረስ ደርሷል።

ውሳኔው ብዙ ዓመት ፈጅቷል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2015 ጄኔቭ ላይ ተወያይቶ ለ2023 አስተላለፈው። ኖቬምበር 2022 ቬርሳይ ላይ የተሰበሰበው የክብደትና የመለኪያ አጠቃላይ ጉባኤ ግን ቆረጠ፦ እስከ 2035 ባለው ጊዜ ውስጥ ዩቲሲ ከምድር ሊርቅ የሚችልበት 0.9 ሰከንድ የሚለው ወሰን ይሰፋል፤ አዲሱ ወሰንም ሰዓቱ ቢያንስ ለመቶ ዓመት ሳይቋረጥ እንዲቀጥል የሚያስችል ይሁን። ሩሲያ ተቃወመች፤ ግሎናስን ለመለወጥ የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋታል። በ2023 ዱባይ ላይ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጉባኤ ውሳኔውን ተቀበለ፤ መሣሪያቸውን ለመቀየር ለሚቸገሩም ጊዜው እስከ 2040 ሊራዘም እንደሚችል አስቀመጠ።

ተቃውሞው መሠረት የለሽ አይደለም። ቴሌስኮፕን ወደ ኮከብ የሚያነጣጥሩ ብዙ ሶፍትዌሮች ዩቲሲ የምድር ሰዓት ነው ብለው ይሠራሉ፤ እነሱን ማረም ድካምና ገንዘብ ይጠይቃል። የእንግሊዝ ሕግም እስከ ዛሬ የሚጠቅሰው የግሪንዊችን አማካይ ሰዓት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዓት ከፀሐይ ጋር ያለውን የመጨረሻ ክር ቆርጦ መጣል የሚከብዳቸው አሉ፤ ስሜታቸው ክብር ይገባዋል።

ነገር ግን ክሩ ምን ያህል እንደላላ መመልከት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ይህ ልክ የሚሆነው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቃዊ ኬንትሮስ ላይ ነው። አዲስ አበባ 38.75ኛው ላይ ናት፤ አንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ስለሆነ የከተማዪቱ ሰዓት ከፀሐይዋ በ25 ደቂቃ ይቀድማል። ጅግጅጋ ላይ ልዩነቱ ወደ 9 ደቂቃ ይወርዳል፤ ጋምቤላ ላይ ወደ 42 ደቂቃ ይጠጋል። ጅግጅጋና ጋምቤላ በአንድ ሰዓት ሲተዳደሩ ኖረዋል፤ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ አውቶቡሱ አልተናጋም። ጭማሪ ሰከንድ ቢቀር በመቶ ዓመት ውስጥ የሚጠራቀመው ምን ያህል ነው? ቀኑ በ2 ሚሊሰከንድ ቢረዝም እንኳ፣ በ36,500 ቀን ሲባዛ 73 ሰከንድ። ከአዲስ አበባው 25 ደቂቃ አጠገብ ይህ ምንም አይደለም። የሰላት ሰዓት የሚያወጡት ሠንጠረዦችም የሚሠሩት ከፀሐይ አቀማመጥ ተሰልተው ነው፤ ስሌቱ ልዩነቱን ያስገባዋል። የምድር ሰዓትም አይጠፋም፤ መለካቱም መታተሙም ይቀጥላል፣ የሚያስፈልገው ሁሉ ያገኘዋል።

ውሳኔው ትክክል ነው ማለት ግን ሥራው አልቋል ማለት አይደለም። አዲሱ ወሰን አንድ ደቂቃ ይሁን ወይስ ከዚያ በላይ፣ ሲሞላስ እንዴት ይስተካከል የሚለው ገና ስምምነት ይጠይቃል፤ የቬርሳዩ ጉባኤ ሐሳቡ ተዘጋጅቶ ለ2026ቱ ስብሰባ እንዲቀርብ አዝዟል። ከ2035 በፊትም ምድር ካስገደደች የመጀመሪያዋ ተቀናሽ ሰከንድ ልትመጣ ትችላለች።

ባንክ፣ ቴሌኮም፣ ኤሌክትሪክ ኃይልና ሆስፒታል ውስጥ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች እስከዚያ ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ማሽኖቻችን ሰዓታቸውን የሚወስዱት ከየት ነው፣ ከጂፒኤስ ተቀባይ ወይስ ከኢንተርኔት? ከኢንተርኔት ከሆነ ሰከንዷን ከሚበትን ኩባንያ ነው ወይስ እንዳለች ከሚያስተላልፍ? ሁለቱን ደባልቀን ከሆነ በጭማሪዋ ቀን የትኛውን ልናምን ነው? የጊዜ ርዝመት የሚለኩ ፕሮግራሞቻችን የሚያዩት የግድግዳውን ሰዓት ነው ወይስ ወደኋላ የማይሄደውን ቆጣሪ? ለእነዚህ መልስ ለማግኘት አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ አንድ ሳምንት መድቦ የሰርቨሮቹን ዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ ማየት ይበቃል። ማየቱም ከፓሪስ ቀጣዩ ማስታወቂያ ሳይወጣ በፊት መሆን አለበት።